ቶክዮ ውስጥ ጎረቤቶቼ ጠሉኝ፣ ትምህርቴን ትቼ ልመለስ ወይ?

«ጨነቀኝ» ብላ የፈረመች እህታችን ከቶክዮ የላከችው ደብዳቤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ነው የማቀርበው።

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ስኮላርሺፕ አግኝቼ ለማስተርስ ቶክዮ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ትንሽ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ባለፈው ወር ከቤቱ ማኔጅመንት ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ወረቀት ገባልኝ፣ ሌሊት የሰው ድምፅ፣ ቀን ደግሞ የጭስ ሽታ አለ ተብሎ አቤቱታ ቀርቧል ይላል። ቆሻሻዬንም ሁለቴ ስቲከር ለጥፈውበት ሳይወስዱት ቀሩ። ጎረቤቶቼ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል፣ አንድም ቀን ፊት ለፊት ምንም ብለውኝ አያውቁም፣ ለካ ከኋላዬ ይከሱኝ ነበር። ባቡር ውስጥ ሰው ቆሞ እያለ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄዳል። ላብ (የምሰራበት ላቦራቶሪ) ውስጥ ያሉት ልጆች ትሁት ናቸው ግን አንድም ጓደኛ የለኝም። ከወረዳ የሚመጡትን ፖስታዎች ስለምፈራቸው መክፈት ትቻለሁ። እናቴን ደህና ነኝ ደስተኛ ነኝ እላታለሁ፣ ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከአልጋ መነሳት እያቃተኝ ነው። ከቤት ያስወጡኝ ይሆን? ትምህርቱን ትቼ ብመለስ ይሻለኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የከለከለሽን ነገር ላንሳልሽ፣ በዛ ወረቀት ማንም ከቤት አያስወጣሽም። ጃፓን ውስጥ የተከራይ መብት ጠንካራ ነው፣ መደበኛ የኪራይ ውል ያለውን ሰው ለማስወጣት ወይም ውሉን ላለማደስ አከራዩ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት ይላል ህጉ፣ አንዲት የማሳሰቢያ ወረቀት ደግሞ በቂ ምክንያት አትሆንም። ኪራይሽን በጊዜ እየከፈልሽ ከሆነና ወረቀቱ ላይ ያለውን ካስተካከልሽ ነገሩ እዛው ያልቃል። እንደውም እንዲህ አይነት ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ ለሁሉም ቤት በአንድ ላይ ነው የሚታደለው፣ ስለዚ እስቲ መልሰሽ እይው፣ ስምሽ ወይ የቤት ቁጥርሽ አለበት? ካለበት ጃፓንኛ የሚችል ሰው ይዘሽ ማኔጅመንቱ ጋ ደውዪና ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ አስተካክላለሁ በያቸው። ለነሱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ደውሎ ይቅርታ የሚል ተከራይ ቶሎ ነው ፋይሉ የሚዘጋለት። ቤት ልቀይር ብለሽ እንዳትሯሯጪ ደግሞ፣ ቶክዮ አዲስ ቤት ለመግባት ማስያዣው፣ ለአከራዩ የሚሰጠው የማይመለስ ብር፣ የደላላው፣ የዋስ ድርጅቱ ምናምን ሲደመር የአራት የአምስት ወር ኪራይ በአንዴ ሊጠየቅ ይችላል።

«ከኋላዬ ከሰሱኝ» ያልሽው ነገር ነው ከሁሉም በላይ የጎዳሽ መሰለኝ። እኛ ጋ ጎረቤት ቅር ካለው በር ያንኳኳል፣ ይናገርሻል፣ ትነጋገራላችሁ፣ ማታ ቡና ላይ ትረሱታላችሁ። ቶክዮ ውስጥ ግን በር አንኳኩቶ ለማያውቁት ሰው ድምፅሽን ቀንሺ ማለት ብልግናም አደጋም ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ ማኔጅመንት የሚባለው ነገር እዛ ያለው አንዱ ስራው ጎረቤት ከጎረቤት ፊት ለፊት እንዳይጋጭ ነው። እርስ በርሳቸውም እንደዚሁ ናቸው፣ ጃፓናዊው ላይኛው ፎቅ ባለው ጃፓናዊ ሲማረር ለማኔጅመንት ነው የሚደውለው። ስለዚ ከጎረቤቶችሽ አንዷ ሴትዮ ጎንበስ ብላ ሰላም ስትልሽ ሰላምታዋ የውሸት አልነበረም። ድምፁ አስቸግሯታል፣ አንቺን መጥላቷን ግን ከዛ ወረቀት ላይ ልታነቢ አትችዪም።

ድምፁን በተመለከተ፣ እርግጠኛ ነኝ ስልክ ነው። የጃፓን ሰዓት ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ይቀድማል፣ እናትሽ ከስራ ገብታ እራት በልታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስትደውልልሽ አንቺ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ የአፓርትመንቶቹ ግድግዳ ደግሞ በተለይ የእንጨቶቹ ስስ ነው፣ እኛም ስልክ ስናወራ ድምፃችን ከፍ ይላል። በዛ ሰዓት የምታወሪው እያንዳንዱ ቃል እዛ ማዶ ይሰማል። አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ፣ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ስለሆነ ቶክዮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት መርፌው የሚያሳይሽ በእኛ አቆጣጠር አሁን አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው። ቶክዮ መርፌው ማታ 9 ላይ ከሆነ እናትሽ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ማስላት አያስፈልግሽም፣ ቀና ብለሽ ማየት ብቻ ነው። ስለዚ የስልክ ቀጠሮሽን ወደ እሁድ አዙሪው፣ መርፌው ከሰዓት 3 ላይ ሲሆን እናትሽ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ታገኛታለሽ፣ አንቺም በቀን ብርሃን እንደልብሽ ጮክ ብለሽ ትስቂያለሽ። በሳምንቱ መሃል ደግሞ ማታ ከመተኛትሽ በፊት አጠር ያለ የድምፅ ሜሴጅ በቴሌግራም ላኪላት።

የጭሱ ነገር ቡና እየቆላሽና ዕጣን እያጨስሽ መሆኑ ነው አይደል። እባክሽ ቡናውን እንዳትተዪው። ብቻሽን ባለሽበት አገር ያንን ሽታ ከቤትሽ ማውጣት ራስሽን መቅጣት ነው። ግን ቡናውን ስትቆዪ ኪችኑ ላይ ያለውን አየር መሳቢያ እስከመጨረሻው ክፈቺው፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ቁዪ፣ ከጭስ አላርሙ ራቅ በይ፣ ጎረቤት ልብስ ባሰጣበት ሰዓት አይሁን። እዛ አገር ሰው ልብሱን በረንዳ ላይ ነው የሚያሰጣው፣ በተለይ ፀሐያማ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ሁሉም በረንዳ ሙሉ ነው፣ ያንቺ ጭስ አንሶላቸው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ዕጣኑን ለሽታው እንዲሆን ቆንጠር አድርገሽ። ዕጣን ራሱ ለነሱ እንግዳ ነገር አይደለም፣ በየቤተ መቅደሳቸው ይጨሳል፣ ብዛቱ ነው።

ቆሻሻው ላይ ብዙ አልቆይም ምክንያቱም በአንድ ከሰዓት ሚፈታ ነገር ነው። 23ቱ የቶክዮ ልዩ ወረዳዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደንብ አላቸው፣ ስለዚ ሌላ ወረዳ ያለ ጓደኛ የነገረሽ ያንቺ ጋ ላይሰራ ይችላል። ወረዳ ጽ/ቤት ሄደሽ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሰንጠረዥ ተቀበይና ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊው። የሚቃጠለው በየትኞቹ ቀን፣ የማይቃጠለው መቼ፣ ሃይላንዱ መቼ፣ ወረቀቱ መቼ የሚለው አለበት። ሃይላንዱን ክዳኑንና ወረቀቱን አውልቀሽ ታጥቢዋለሽ። ፌስታሉን ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት (በነሱ 8) አውጪው፣ ማታ አይሆንም፣ ቁራዎቹ ይበትኑታል፣ መረቡን በደንብ አልብሺው። የሚጣለው ወንበር፣ ፍራሽ ምናምን ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ ቀጠሮ ይዘሽ ስቲከር ገዝተሽ ነው። ስቲከር ለጥፈው የተዉልሽን ግን ተመልሰሽ አንሺው፣ እዛው የተተወ ፌስታል ነው ጎረቤትን የሚያስቀይመው።

ይሄን ካስተካከልሽ በኋላ አንድ ቀን ወደ ማታ ሳይመሽ፣ ከጎንሽና ከታችሽ ላለው ቤት ትንሽ የታሸገ ብስኩት ነገር ይዘሽ ሂጂ። ውድ መሆን የለበትም፣ ከ1,000 የን ካለፈ እንደውም ይጨንቃቸዋል። አዲስ ቤት የገባ ሰው እንደዛ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች አሁን አሁን ለደህንነታቸው ብለው ትተውታል፣ ስለዚ ከጎንሽ ያለው ሰው ካላማረሽ እዛ በር አትሂጂ፣ ለሰላምተኛዋ ሴትዮ ብቻ ስጪያት። ድምፅ አስቸግሬ ከነበረ ይቅርታ የምትለዋን አረፍተ ነገር ከላብ ልጆች አንዱን አስጽፊና ተለማመጃት።

ወደ ባቡሩ እንሂድ። ያየሽው እውነት ነው፣ በምናብሽ የፈጠርሽው አይደለም። አንዳንዱ ሰው እንግሊዝኛ ታናግረኛለች ብሎ ፈርቶ ነው፣ አንዳንዱ ማንም አጠገብ መቀመጥ አይወድም፣ አንዳንዱ ደግሞ በቆዳሽ ቀለም ነው፣ እሱን ልሸፋፍንልሽ አልችልም። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞሽ መታወቂያ ቢጠይቅሽም እንደዛው ነው፣ በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሦስት ነዋሪዎች በመልካችን ምክንያት እየተለየን እንቆማለን ብለው መንግስትን ቶክዮ ፍርድ ቤት ከሰዋል፣ ስለዚ እዛ አገር ላይ የሚነገር፣ የሚከራከሩበት ነገር ነው። የመኖሪያ ካርድሽን ቤት ጥለሽ እንዳትወጪ፣ መያዝ ግዴታ ነው፣ ሲያስቆሙሽ ረጋ ብለሽ አሳዪ፣ ለምን እንዳስቆሙሽ መጠየቅም ትችያለሽ። ወንበሩን ግን ተይው። ያ ሰውዬ ሦስት ፌርማታ አብሮሽ ሄዶ የሚወርድ ሰው ነው፣ ስለ አንቺ የሚያውቀው ምንም የለም፣ የቀንሽን ዋጋ እሱ እንዲተምነው አትፍቀጂለት። መጽሐፍሽን አውጪና ሰፋ ብለሽ ተቀመጪ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ጓደኛ የለኝም ያልሽው። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ፣ ቶክዮ ውስጥ ጓደኝነት የሚመጣው ከጨዋታ አዋቂነት አይደለም፣ ከመመላለስ ነው። አንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳታቋርጪ። እኛ አገር ታክሲ ውስጥ የተዋወቅሽው ሰው ሲወርድ ሂሳብሽን ከፍሎልሽ ሊሄድ ይችላል፣ እዛ ግን ሰው መጀመሪያ ፊትሽን መልመድ አለበት፣ ከዛ ሰላምታ፣ ከዛ ስምሽን፣ ከዛ ድንገት አንድ ቀን ከጓሮው የለቀመውን ብርቱካን በፌስታል ይሰጥሻል። ወራት ይፈጃል። አንቺ እስካሁን ከትምህርት ወደ ቤት ከቤት ወደ ትምህርት ስትይ ነው የከረምሽው፣ ስለዚ ማንም ሊለምድሽ አልቻለም።

በየወረዳው በበጎ ፈቃደኞች የሚሰጥ የጃፓንኛ ክፍል አለ፣ ወይ ነፃ ነው ወይ የሻይ ያህል ነው የሚያስከፍለው። ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ኮርስ እየወሰድሽ ቢሆንም ወደዚህኛው ሂጂ፣ ምክንያቱም የሚያስተምሩት አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ጊዜ አላቸው፣ የሚያናግሩት ሰው ይፈልጋሉ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትዪ ደግሞ እድሜያቸው ገፋ ያሉት ፊታቸው ሲበራ ታያለሽ፣ «አበበ!» ይሉሻል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶክዮ ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ኦፕሬሽን ባደረገ በሳምንታት ውስጥ መጥቶ ማራቶኑን በ2:12:11 ሲያሸንፍ፣ ከዛም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ልጆች ሆነው አይተውታል። ሦስተኛ የወጣው የራሳቸው ሰው ጹቡራያ ነበር፣ እሱንም አብረው ያነሱልሻል። ይሄን ያህል ዓመት ቆይቶ በር የሚከፍትልሽ ስም ነው፣ ተጠቀሚበት።

የሰፈር ማህበር ደግሞ አለ፣ ቾናይካይ ይሉታል፣ እንደኛ እድር ያለ ነገር ነው፣ የበጋውን ፌስቲቫል የሚያዘጋጀው፣ የአደጋ ልምምድ የሚያደርገው እሱ ነው። ልምምዱ ብዙ ቦታ መስከረም 1 (በነሱ) አካባቢ ነው የሚደረገው፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. በ1923 ቶክዮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰበት ነው። ሂጂ። እሳት ማጥፊያ ያስይዙሻል፣ ሩዝ ያበሉሻል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁም ነገር ነው፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ የት ትምህርት ቤት እንደምትሄጂ ታውቂያለሽ፣ ያቺ ሰላምተኛ ሴትዮም ያቺ ልጅ ብቻዋን ናት ብላ ታስብሻለች።

የላብ ልጆችን በተመለከተ፣ እኛ «ነይ ቡና እንጠጣ» ስንል አሁን ማለታችን ነው። እነሱ ጋ እንደዛ ካልሽ ይደነግጣሉ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ቀን ቁረጪ፣ «የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ላብ ውስጥ የኢትዮጵያ ቡና ላፈላ ነው» ብለሽ ግሩፑ ላይ ጻፊ፣ ፕሮፌሰሩን መጀመሪያ አስፈቅጂ። ቡናውን ቤት ቆልተሽ ሂጂ፣ ጀበናውን ውሰጂ፣ ፈንዲሻውን አትርሺ፣ አቦል ቶና በረካ ድረስ አስቀምጫቸው። ለነሱ ሻይን በስርአት ማፍላት ትልቅ ጥበብ ስለሆነ ይሄንን ቶሎ ይረዱታል፣ በዝምታ ተቀምጠው ያዩሻል፣ ዝምታቸውን ስልቸታ አድርገሽ አትቁጠሪው። ኖሚካይ ሲጠሩሽ፣ ማለቴ የላቡ የመጠጥ እራት፣ አልጠጣም ብለሽ አትቅሪ፣ ሻይ ማዘዝ ይቻላል፣ ጾም ከሆነ ለአዘጋጁ ልጅ ቀደም ብለሽ ንገሪው። ላብ ውስጥ ቃል የማይተነፍሱት ልጆች እዛ ነው የሚያወሩት።

የራሳችን ሰዎችም አሉልሽ። ካትሱሺካ ወረዳ ዮትሱጊ አካባቢ፣ በኬይሴይ ኦሺአጌ መስመር፣ ኢትዮጵያውያን ተሰብስበው የሚኖሩበት ሰፈር ነው፣ በበዓል ቀን ብቻሽን አትዋዪ። ሽሮና ምስር ካማረሽ ሺን-ኦኩቦ ጣቢያ አጠገብ ያሉት የሀላል ሱቆች ምስሩንም፣ የሽምብራ ዱቄቱንም፣ አብሹንም፣ ኮረሪማ ባይሆንም ሄሉንም ይሸጣሉ። ግን አበሻ ጋ ብቻ ከዋልሽ ሰፈርሽ ያው ባዕድ እንደሆነ ይቀራል፣ ስለዚ ሁለቱንም አድርጊ።

ፖስታዎቹን ዛሬ ክፈቺ። አንድ ላይ ሰብስበሽ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይዘሽ ሂጂ፣ እነሱ ይሄንን በየቀኑ ነው ሚያዩት። ምን እንደሚሆኑ መገመት እችላለሁ፣ አንዱ የጤና መድን ክፍያ ነው፣ ገቢ የሌለው ተማሪ ገቢ የለኝም የሚለውን ቅፅ ሞልቶ ካስገባ ክፍያው በጣም ይቀንሳል። ሌላው የጡረታ መዋጮ ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይመጣለታል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን እስኪጨርስ እንዲራዘምለት ማመልከት ይችላል፣ ካላመለከትሽ ነው ዕዳ ሆኖ ሚከማቸው። የጤና መድኑ ካለሽ ሀኪም ቤት የምትከፍዪው 30 በመቶውን ብቻ ነው፣ ይሄንንም የምነግርሽ ቀጥሎ ስለምለው ነገር ነው።

ከአልጋ መነሳት እያቃተኝ ነው ያልሽውን አንብቤ አላለፍኩትም። ይሄ የስንፍና ነገር አይደለም፣ ናፍቆት ብቻም ላይሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲሽ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት አለው፣ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ፣ ስኮላርሺፕሽን የሚነካው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ማውራት ከቀለለሽ ቴል የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ጃፓን ላሉ የውጭ ሰዎች በስልክ የሚያማክር ድርጅት አለ። መኖር አልፈልግም የሚል ሀሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሰው ጥሪ፣ አምቡላንስ በ119 ነው።

ልመለስ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትወስኚ ነው መልሴ። መመለስ ነውር ስለሆነ አይደለም፣ ማንም ምንም ቢል ጤናሽ ከዲግሪ ይበልጣል። ግን እስካሁን ያየሽው ቶክዮ ብቻሽን ከክፍልሽ ሆነሽ ያየሽውን ነው፣ ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ሴሚስተር ይለፍ። ያኔም እንዲህ ከሆንሽ ከአማካሪ ፕሮፌሰርሽ ጋ ስለ እረፍት ፈቃድ ተነጋገሪ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ትምህርትን አቁሞ በኋላ መመለስ ይፈቅዳል፣ የስኮላርሺፕሽን ደንብ ግን ከመፈረምሽ በፊት አንብቢ።

ለእናትሽም በዚህ እሁድ እውነቱን ንገሪያት፣ ሁሉንም ባይሆን ግማሹን። ደህና ነኝ እያልሽ ስታለቅሺ እሷ እኮ ድምፅሽ ውስጥ ትሰማዋለች፣ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ደግሞ የባሰውን ታስባለች። ብቸኝነት ከብዶኛል፣ አሁን እንዲህ እንዲህ እያደረግኩ ነው በያት። ከዛ የጃፓንኛ ክፍሉ የት እንደሆነ እንድፈልግልሽ የምትኖሪበትን ወረዳ ስም ጻፊልኝ፣ በየትኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍት እንደሆንሽም ጨምሪበት።